ውቅያኖስ የተሻገረች ዶሮ

(አንድ የንባብ ክበብ ጋብዞኝ አዲስ አበባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ስናገር የተንዛዛሁበትን ቦታ ቆረጥ ቆረጥ አድርጌዋለሁ። ዓመቶቹ፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር፣ የፈረንጆቹ ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ መምጣታችሁን አመሰግናለሁ።

የክበቡ ልጆች "ስለ አሜሪካና አውሮፓ ግንኙነት አውራልን" ሲሉኝ ከየት እንደምጀምር ብዙ አሰብኩ። ከኔቶ? ከዩክሬን ጦርነት? በመጨረሻ ከዶሮ ልጀምር ብዬ ወሰንኩ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ።

ዶሮ በድሮ ጊዜ ለአሜሪካኖችም የእሁድ ምግብ ነበረች። እኛ ዘንድ የበዓል እንደሆነችው ማለት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ገበሬዎቻቸው ዶሮን እንደ ፋብሪካ ዕቃ በብዛት ማምረት ቻሉ። ረከሰች። በረዶ ሆና መርከብ ላይ ተጫነችና ምዕራብ ጀርመን ገባች። የጀርመን የቤት እመቤቶች ወደዷት። የአውሮፓ ዶሮ አርቢዎች ግን ኡኡ አሉ። በ1962 የአውሮፓ የጋራ ገበያ ከውጭ በምትገባ ዶሮ ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ የአሜሪካም ሽያጭ ቁልቁል ወረደ።

ጊዜውን አስተውሉት። የበርሊን ግንብ ከቆመ ገና ዓመቱ ነው። የኩባ ሚሳይል ቀውስ የደረሰውም በዚያው ዓመት ነው። ዓለም በኒውክሌር ልትጠፋ አንድ ሐሙስ ቀርቷታል። የጀርመኑ መራሔ መንግሥት ኮንራድ አደናወር ግን ከፕሬዚዳንት ኬኔዲ ጋር ስለ በርሊን፣ ስለ ላኦስ፣ ስለ ኩባ ሁለት ዓመት ሙሉ መጻጻፋቸውን ካወሩ በኋላ፣ ከደብዳቤው ግማሹ ስለ ዶሮ ሳይሆን አይቀርም ብለው ቀልደዋል። የአሜሪካ ሴኔት የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ ሊቀመንበር ዊልያም ፉልብራይትም በኔቶ የኒውክሌር መሣሪያ ክርክር መሀል ስለ ዶሮ አንስተው ነበር። ሰውዬው ውጭ ጉዳይ የማይገባቸው ሆነው አይደለም። እንዲያውም በስማቸው የሚጠራው የትምህርት ዕድል እዚህ አገርም ብዙ ሰው ያስተማረ ነው። ግን የተመረጡት ከአርካንሳስ ነው። አርካንሳስ ደግሞ የዶሮ አርቢ አገር ነው።

አጸፋው የመጣው በዲሴምበር 4 ቀን 1963 ነው። ኬኔዲ ከተገደሉ ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላም። ሊንደን ጆንሰን በአራት ነገሮች ላይ ቀረጥ ጣሉ፦ በድንች ስታርች፣ በዴክስትሪን (ከስታርች የሚሠራ ማጣበቂያ ነው)፣ በብራንዲ እና በቀላል የጭነት መኪና። የጭነት መኪናው ቀረጥ 25 በመቶ ነበር። የጭነት መኪና ከዶሮ ጋር ምን አገናኘው? ቮልስዋገን ያን ጊዜ ፒክአፑንና ቫኑን አሜሪካ መሸጥ ጀምሮ ነበር። ጀርመንን የሚያመው እዚያ ላይ ነው። ዲትሮይት ያሉት መኪና ሠሪዎችም አልከፋቸውም።

ድንቹም ብራንዲውም ውሎ አድሮ ቀረጡ ተነሣላቸው። የጭነት መኪናው ግን አልተነሣለትም። እነሆ ከ60 ዓመት በላይ ሆነው። ስሙ ዛሬም "የዶሮ ቀረጥ" ነው። ያስጣለችው ዶሮ ተበልታ ካለቀች ቆየች፤ ጆንሰንም አደናወርም ሞቱ፤ ምዕራብ ጀርመን የሚባል አገርም የለም። ቀረጡ አለ። ለምን? ከዶሮው ጋር ግንኙነት ስለሌለው። ፒክአፕ ለዲትሮይት ዋናው የትርፍ ምንጭ ሆነ። ይህን ቀረጥ አንሣ ብሎ ዲትሮይት ባለችበት ሚሺጋን ላይ ድምፅ የሚለምን ፖለቲከኛ ደግሞ አልተወለደም።

ትንሽ ልጨምርላችሁ፣ ይህቺን በጣም ስለምወዳት። ቀረጡ ራሱን አሜሪካዊውን ፎርድን ያዘው። ፎርድ አንዲት ትንሽ የዕቃ ማመላለሻ ቫን ቱርክ ውስጥ ይሠራ ነበር። እንደ ዕቃ መኪና ካስገባት 25 በመቶ ሊከፍል ነው። እንደ ሰው መኪና ካስገባት 2.5 በመቶ ብቻ። ምን አደረገ? ከኋላ ወንበርና መስኮት ገጥሞ ይልካታል። መርከቡ ባልቲሞር ወደብ ሲደርስ ወንበሩ ይነቀላል፣ መስኮቱ በቆርቆሮ ይተካል፣ መኪናዋ የዕቃ መኪና ሆና ትሸጣለች። የእኛ አስመጪዎች ቢሰሙ "ይሄ ደግሞ ምኑ ይገርማል?" ሳይሉ አይቀሩም። ጉምሩክ ነቃ፤ ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በ2024 ፎርድ 365 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር ከሞላ ጎደል ይኸው ነው። እኛ ዜና ስንሰማ "አሜሪካ ተቆጣች"፣ "አሜሪካ አስጠነቀቀች" እንላለን። አንዲት ትልቅ ቤት ያላት ሴትዮ ትመስለናለች። አውሮፓውያንም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ያስባሉ። ቤቱ ውስጥ ያለው ግን ብዙ ሰው ነው። ስለ አውሮፓ ከሚወስኑት ውስጥ ብዙዎቹ በዚያች ሰዓት ስለ አውሮፓ እያሰቡ አይደለም። ስለ ወረዳቸው ነው የሚያስቡት። ፕሬዚዳንት ለአውሮፓ የሚገባው ቃል የሚጸናው ደግሞ አገር ቤት እንጀራው በዚያ ቃል ላይ የተንጠለጠለ ሰው ሲኖር ነው።

ይህ የትራምፕ ዘመን ነገር እንዳይመስላችሁ። ውድሮው ዊልሰን በዲሴምበር 1918 ብሬስት ወደብ ሲወርዱ ፈረንሳይ በአበባ ነበር የተቀበለቻቸው። የመንግሥታቱን ማኅበር ለዓለም ሊሰጡ ነው የመጡት። ሴኔቱን ግን ባለፈው ወር ምርጫ ተቀናቃኞቻቸው ሪፐብሊካኖች ወስደውታል። ዊልሰን አንድም ሴናተር ይዘው ፓሪስ አልሄዱም። ውል ለማጽደቅ ደግሞ ከሴኔቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ሲመለሱ ሄንሪ ካቦት ሎጅ የሚባሉ የማሳቹሴትስ ሴናተር እየጠበቋቸው ነው። ዊልሰን ሕዝቡን በቀጥታ ላሳምን ብለው በባቡር አገር ላገር ሲዞሩ ኮሎራዶ ላይ ታመው ቆሙ። ዋሽንግተን እንደገቡ ደግሞ አንጎላቸው ውስጥ ደም ረግቶ ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆነ። በማርች 1920 ድምፅ ተሰጠ፤ 49 ደግፎ 35 ተቃወመ። ብልጫ ነበራቸው፤ ከሁለት ሦስተኛው ግን ሰባት ድምፅ ጎደለ። አሜሪካ ራሷ ያሰበችው ማኅበር ውስጥ ሳትገባ ቀረች።

ያ ማኅበር ለእኛ ምን እንዳደረገልን ለዚህ አዳራሽ አልነግርም። አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው ሳያውቀው ይቀራል።

ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ወረረን። በፈረንጅ ኦክቶበር 3 ቀን 1935 ነው። ከዚያ አንድ ወር በፊት የአሜሪካ ምክር ቤት የገለልተኝነት ሕግ የሚባል አውጥቶ ነበር። ሕጉ ሲወጣ አሳቡ ኢትዮጵያ አልነበረችም። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ያንገሸገሸው ሕዝብ "ልጆቻችንን ለአውሮፓ ጠብ አንሰጥም" ብሎ ነው ያስወጣው። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ወረራው በተጀመረ በሁለት ቀኑ ሕጉን ሥራ ላይ አዋሉት። ለጣሊያንም ለኢትዮጵያም የጦር መሣሪያ መሸጥ ተከለከለ። ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል አይደል? ጣሊያን ግን መሣሪያውን ራሱ ይሠራል። የሚያስፈልገው ነዳጅ ነው። ነዳጅ በሕጉ ውስጥ የለም። ሩዝቬልት ነጋዴዎቹን "ኅሊናችሁ ይፍረድ፣ አትሽጡ" አሉ። ነጋዴዎቹ ሸጡ። እንዲያውም ከቀድሞው አብልጠው ሸጡ።

በ1936 መጀመሪያ ሕጉን አጥብቆ እንደ ነዳጅ ያለውንም ሽያጭ ለመገደብ ሐሳብ ቀረበ። ያን ጊዜ ጣሊያን አሜሪካውያን ተነሡ። ለምክር ቤት አባሎቻቸው ደብዳቤ በገፍ ይልኩ ጀመር። የኒውዮርክ፣ የኒውጀርሲ፣ የማሳቹሴትስ እንደራሴ ደብዳቤውን ቆጠረ። ዓመቱ የምርጫ ዓመት ነው። ሐሳቡ ውድቅ ሆነ። የደብዳቤው ብቻ ሥራ ነው አልልም፤ ከማንም ጋር መነካካት ያልፈለገው ወገንም ነበረበት።

በሌላ በኩል ለእኛ የጮኸ አሜሪካዊ አልነበረም? ነበረ። ሃርለም ውስጥ ጥቁር አሜሪካውያን በብዙ ሺህ ወጥተው ለኢትዮጵያ ተሰልፈዋል። ለመዋጋት የተመዘገቡም ነበሩ፤ መንግሥታቸው ከለከላቸው እንጂ። የቺካጎው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን መጥቶ ትንሿን አየር ኃይላችንን መርቷል። ይሁንና ያን ጊዜ አብዛኛው ጥቁር አሜሪካዊ የሚኖረው ደቡቡ ውስጥ ነበር። ደቡብ ላይ ደግሞ መምረጥ ተከልክሏል። ፍቅሩ ነበራቸው፤ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ አልነበራቸውም። ጣሊያን አሜሪካዊው ግን ነበረው። እኔ ያንን ጦርነት ሳስብ ከጄኔቫው ጉባኤ ይልቅ ይሄ ነው ደጋግሞ የሚመጣብኝ።

ወደ አውሮፓ ልመለስ። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ የመጡት ሰዎች የዊልሰንን ስህተት አጥንተው ነው የመጡት። አውሮፓን የሚያቋቁመውን የርዳታ ዕቅድ ትሩማን በራሳቸው ስም አልጠሩትም፤ "ማርሻል ፕላን" አሉት። ሪፐብሊካኖች በያዙት ምክር ቤት የትሩማን ስም እንደማያልፍ ያውቁ ነበርና። ገንዘቡ ወደ 13 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ብዙው ግን አሜሪካ ውስጥ ዕቃ የተገዛበት ነው። ከጭነቱም ግማሹ በአሜሪካ መርከብ እንዲሄድ ሕጉ ያዛል። ስንዴው፣ ጥጡ፣ ትራክተሩ ይገባኛል። ትምባሆም ተልኳል። አውሮፓ እየተራበ ትምባሆ! ትምባሆ አብቃዮቹ ክፍለ ግዛቶች ሴናተሮች እንዳሏቸው ስታስቡ ነው ነገሩ የሚገለጥላችሁ። በእኔ አስተያየት ብልህነት ነው። ትምባሆው ባይጫን ስንዴውም ላይጫን ይችል ነበር።

ከዚያ ኔቶ መጣ። እዚህ ላይ አንዲት ሐረግ ላሳያችሁ። አውሮፓውያኑ ከዚያ በፊት በ1948 ብራስልስ ላይ እርስ በርሳቸው ሲዋዋሉ፣ አንዱ ሲጠቃ ሌላው "አቅሙ የፈቀደውን ወታደራዊና ሌላ ርዳታ ሁሉ" ይሰጣል ብለው ጽፈዋል። ከአሜሪካም የፈለጉት ይህንኑ ነበር። ሴናተር ቶም ኮናሊና ሴናተር አርተር ቫንደንበርግ ግን እንቢ አሉ። ጦርነት የሚያውጀው ምክር ቤታችን ነው፣ ውል አስገድዶ ጦርነት አያስገባንም አሉ። ስለዚህ ያ ዝነኛው አንቀጽ 5 አንዱ ላይ የተፈጸመ ጥቃት በሁሉም ላይ እንደተፈጸመ ይቆጠራል ካለ በኋላ፣ እያንዳንዱ አገር "አስፈላጊ መስሎ የታየውን" እርምጃ ይወስዳል ይላል። "አስፈላጊ መስሎ የታየውን"። የአንቀጹ ሁለመና እዚህች ላይ ነው ያለው። ሴኔቱ በጁላይ 1949 በ82 ለ13 አጸደቀው።

ቫንደንበርግ የሚሺጋን ሰው ናቸው፤ ከጦርነቱ በፊት ከአውሮፓ ጣጣ ራቁ ባይ ነበሩ። በጃንዋሪ 1945 በአንድ ንግግር ተገለበጡ። ሰው አሳቡን ይለውጣል፤ ሆኖም ሚሺጋን ውስጥ ስታሊን ፖላንድን ሊውጣት ነው ብለው የሚጨነቁ ብዙ ፖላንዳውያን መራጮች እንደነበሩም አትርሱ።

"አውሮፓ ድርሻዋን አትከፍልም" የሚለውን ሮሮም ብዙ ሰው የትራምፕ ፈጠራ ያደርገዋል። የዴሞክራቶቹ የሴኔት መሪ ማይክ ማንስፊልድ በ1971 አውሮፓ ያለው የአሜሪካ ጦር በግማሽ እንዲቀነስ ሐሳብ አቅርበው 36 ድምፅ አግኝተዋል፤ 61 ተቃወማቸው። የቬትናም ወጪና የዶላር መዳከም ያንገፈገፈው ዘመን ነው።

አሁን ወደ ስደተኛው ልምጣ፣ ነገሩ እኛንም ይነካል። ክሊንተን የኔቶን መስፋት፣ አዲሶቹ አባላት እስከ 1999 እንዲገቡ፣ ቀን ቆርጠው የተናገሩት የት ነው? ብራስልስ አይደለም። ዲትሮይት ነው፤ በኦክቶበር 1996፣ ምርጫው ሁለት ሳምንት ሲቀረው። እነዚያ የሚሺጋን ፖላንዳውያን ያሉበት። ከዚያ በፊት በ1994 እንግሊዞች እየተቆጡ ለአየርላንዱ የሺን ፌን ፓርቲ መሪ ለጄሪ አዳምስ ቪዛ የሰጡትም የአይሪሽ አሜሪካውያን ግፊት ስለነበረ ነው። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣም የሰሜን አየርላንድ ሰላም ከተነካ የንግድ ውል አታስቡ ብለው ያስጠነቀቋት የአሜሪካ ምክር ቤት ሰዎች ናቸው።

እኛስ? በኤፕሪል 2018 የተወካዮች ምክር ቤቱ ስለ ኢትዮጵያ የሰብአዊ መብት ጉዳይ ቁጥር 128 የሚባለውን የውሳኔ ሐሳብ ሲያሳልፍ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ከደጋፊዎቹ አንዱ ማይክ ኮፍማን ነበሩ። ኮሎራዶ። ኮሎራዶ ከኢትዮጵያ ጋር ምን አላት? ወረዳቸው ውስጥ ኦሮራ የምትባል ከተማ አለች፤ ኦሮራ ደግሞ እንጀራ ቤት የሞላባት ናት። ወረዳው ያን ጊዜ በጠባብ ልዩነት የሚሸነፍበትና የሚያሸንፍበት ነበር። ሰውዬው ከልባቸው አልነበረም እያልኩ አይደለም። እነዚያ ሐበሾች አንድም መራጭ ባይሆኑ ኖሮ ስልካቸውን ማን ያነሣላቸው ነበር ነው የምለው። ውሳኔው አስገዳጅ ሕግ አልነበረም፤ ቢሆንም አልፏል።

አውሮፓ ይህን ካርታ ማንበብ ተምራለች። ትራምፕ በማርች 2018 በብረት ላይ 25፣ በአልሙኒየም ላይ 10 በመቶ ቀረጥ ሲጥሉ ምክንያታቸው "የአገር ደኅንነት" ነበር። የቤልጅየም ብረት የአሜሪካን ደኅንነት እንዴት እንደሚያናጋ እስካሁን አልገባኝም። ነገሩ የገባኝ ሌላ ቦታ ነው። በ2016 ሚሺጋን፣ ፔንሲልቬንያና ዊስኮንሲን ሦስቱ ተደምረው ከ80,000 ባነሰ የድምፅ ልዩነት ነው ፕሬዚዳንት ያደረጓቸው። የብረትና የፋብሪካ አገሮች ናቸው።

የአውሮፓ ኅብረት መቀመጫ ብራስልስ ምን መለሰች? ብረት በብረት አላለችም። 2.8 ቢሊዮን ዩሮ የሚያወጡ ዕቃዎችን ዘርዝራ ቀረጥ ጣለች። ዝርዝሩን ስታዩት የገበያ ቅርጫት ይመስላል፦ ቡርቦን ውስኪ፣ ሞተር ሳይክል፣ ጂንስ፣ የብርቱካን ጭማቂ። አድራሻውን አብራችሁ ስታነቡት ነው የሚያስቀው። ቡርቦን ኬንታኪ ነው፤ ያን ጊዜ የሴኔቱ የብዙኃን መሪ የነበሩት ሚች ማኮኔል ከዚያ ናቸው። ሃርሊ ዴቪድሰን ዊስኮንሲን ነው፤ ያን ጊዜ አፈ ጉባኤ የነበሩት ፖል ራያን ከዚያ ናቸው። ብርቱካኑ ፍሎሪዳ ነው፤ ፍሎሪዳ በምርጫ ጊዜ ምን እንደሆነች ታውቃላችሁ። የሃርሊ ቀረጥ ከ6 በመቶ ወደ 31 በመቶ ዘለለ። ኩባንያው ለአውሮፓ የሚሠራውን ወደ ውጭ አወጣለሁ አለ፤ ትራምፕም በገዛ አገራቸው ሞተር ሳይክል ላይ ተቆጡ። ብራስልስ ያለው ቢሮ ውስጥ ይህን ዝርዝር ያረቀቀው ሰው የአሜሪካን የምርጫ ካርታ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ግምት ነው፤ አላየሁትም።

ቀጥሎ የአውሮፓ ወዳጅ ባይደን መጡ፤ የብረቱን ቀረጥ ግን ጨርሰው አላነሡትም። በኮታ ለወጡት። በ2022 ደግሞ የአየር ንብረት ሕጋቸው ሲወጣ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ለሚገዛ እስከ 7,500 ዶላር የግብር ቅናሽ ነበረው፤ መኪናው ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ከተገጣጠመ። አውሮፓ ደነገጠች፤ ማክሮን ዋሽንግተን ሄደው አማረሩ። ያን ጊዜ ሴኔቱ 50 ለ50 ነበር። ሕጉን ይዘው ለወራት የተደራደሩት አንድ ሰው ናቸው፤ ጆ ማንቺን፣ ያን ጊዜ የዌስት ቨርጂኒያ ሴናተር የነበሩት። ዌስት ቨርጂኒያ 1.8 ሚሊዮን ሕዝብ ናት፤ የአዲስ አበባን ግማሽ አትሞላም። የጀርመን መኪና ሠሪ ዕጣ እዚያ ተወሰነ።

አሁን ስለ ዩክሬን፤ ሰው ሁሉ የመጣበት ይሄ ስለሆነ።

ባይደን በኦክቶበር 2023 ለዩክሬን ወደ 61 ቢሊዮን ዶላር ጠየቁ። ስድስት ወር ፈጀ። ስድስት ወር ሙሉ ክርክሩ ስለ ምን ነበር? ስለ ሜክሲኮ ድንበር። ሪፐብሊካኖቹ "የእኛ ድንበር ሳይጠበቅ የእነሱን አንጠብቅም" አሉ። ሴኔቱ ውስጥ የድንበር ስምምነት ተረቀቀ። ትራምፕ አልወደዱትም፤ ሞተ። አፈ ጉባኤው ማይክ ጆንሰን ደግሞ ወንበራቸው ይነቃነቅባቸዋል። በጊዜው ሕግ አንድ አባል ብቻ "ይውረዱ" ብሎ ድምፅ ማስጠየቅ ይችል ነበር። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ኬቨን ማካርቲ የወረዱት እንዲያ ነው፤ በ216 ለ210። በዚህ መሀል ፌብሩዋሪ ላይ የዩክሬኗ ከተማ አቭዲቭካ በሩሲያ እጅ ወደቀች። ዩክሬናውያኑ የመድፍ ጥይት አልቆባቸው ነበር። በኤፕሪል 20 ቀን 2024 ጆንሰን ቆረጡና ለድምፅ አቀረቡት፤ በ311 ለ112 አለፈ። ቁጥሩን አያችሁት? ደጋፊው መጀመሪያም ሞልቶ ነበር። የጎደለው በሩን የሚከፍት ሰው ነው።

ያ ገንዘብ የት እንደሚሄድ ደግሞ ላሳያችሁ። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ስክራንተን የምትባል አሮጌ የድንጋይ ከሰል ከተማ አለች። ባይደን የተወለዱባት። መሀሏ ላይ ቀድሞ የባቡር መጠገኛ የነበረ የቀይ ጡብ ሕንፃ አለ፤ አሁን የሠራዊቱ የጥይት ፋብሪካ ነው። ውስጡ የብረት ምሰሶ ይቆረጣል፤ እሳት ውስጥ ገብቶ ፍም ይሆናል፤ ማሽን ሰርስሮ ስቦ 155 ሚሊ ሜትር የመድፍ ቀለህ ያደርገዋል። ከዚያ ፈንጂው ወደሚሞላበት ወደ አይዋ ክፍለ ግዛት ይሄዳል። በጋዜጣ "ለዩክሬን የተሰጠ ርዳታ" የምንለው ነገር፣ ጥቂት የማይባለው፣ የስክራንተን ሠራተኛ ደመወዝ ነው። ማርሻል ፕላን ላይ ያየነው የትምባሆ ነገር አይመስላችሁም?

ዜሌንስኪ በሴፕቴምበር 22 ቀን 2024 እዚያ ፋብሪካ ሄደው ሠራተኞቹን አመሰገኑ። በመልካም አስተዳደግ ነገር ሲታይ ምን ክፋት አለው? አመስግኖ መሄድ ነው። ግን ፔንሲልቬንያ ፕሬዚዳንቱን በመጨረሻ ከሚመርጡት የክፍለ ግዛት ድምፆች 19 ያላት፣ ሁለቱም ወገን የሚሞትላት ክፍለ ግዛት ናት፤ ምርጫው ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። ርዳታውን ያሳለፉት ራሳቸው ጆንሰን ደብዳቤ ጽፈው የዩክሬን አምባሳደር ትባረር አሉ። ጉብኝቱ ለዴሞክራቶች የተደረገ ቅስቀሳ ነው ብለው ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በዜና የምትከታተሉት ነው፤ አልደግመውም። የትራምፕ ምክትል ፕሬዚዳንት ቫንስ በፌብሩዋሪ 2025 ሙኒክ ላይ ቆመው የአውሮፓ ሥጋቱ ከውስጥ ነው አሉ፤ እኔ ሳዳምጠው አዳራሹ ውስጥ ለተቀመጡት ጄኔራሎች የተነገረ አልመሰለኝም፤ ቫንስ የመጡበት ኦሃዮ ያለው ሰው እንዲሰማው ነው። በጁን ዘ ሄግ ላይ አባላቱ እስከ 2035 ለመከላከያና ተያያዥ ነገር ከኢኮኖሚያቸው 5 በመቶ ለማውጣት ተስማሙ። በጁላይ ስኮትላንድ ውስጥ፣ በትራምፕ የጎልፍ ሜዳ፣ አውሮፓ የ15 በመቶ ቀረጥ ተቀብላ ወጣች።

ንግግሬን እዚህ ላይ ጨርሼ ጥያቄ ተቀበልኩ። ብዙ ተጠየቀ፤ አንዱን ብቻ ልጻፍ። ከፊት ረድፍ የተቀመጡ አንድ አዛውንት፣ ጡረታ የወጡ የሕግ ሰው ናቸው፣ እጃቸውን አነሡ።

"ልጄ፣ እኚህ ሰውዬ ከኔቶ ብድግ ብለው መውጣት ይችላሉ ወይ?"

"ጋሼ፣ ሕጉ አይፈቅድም" አልኳቸው። ምክር ቤቱ በ2023 መጨረሻ ባወጣው የመከላከያ በጀት ሕግ ውስጥ አንድ አንቀጽ አለ። ፕሬዚዳንት ያለ ሴኔቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ወይም ያለ አዲስ ሕግ፣ ከኔቶ አይወጣም ይላል። ከሁለቱ ዋና አቅራቢዎች አንዱ ዴሞክራቱ ቲም ኬን ናቸው። ሌላው የፍሎሪዳው ሪፐብሊካን ማርኮ ሩቢዮ፤ በ2025 የትራምፕ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት።

አዳራሹ ሳቀ። አዛውንቱ አልሳቁም።

"እሱስ ይሁን። ሳይወጡስ? ያቺ ቅድም ያነበብክልን ሐረግ፣ 'አስፈላጊ መስሎ የታየውን' የምትለው። አንዱ አገር ቢጠቃ 'ለእኔ አስፈላጊ መስሎ የታየኝ የኀዘን መግለጫ መላክ ነው' ቢሉስ?"

"ይችላሉ፣ ጋሼ" አልኳቸው። "ለእሱ የማንም ድምፅ አያስፈልጋቸውም።"